ወለሉም መብራት ነው

በግቢያቸው ጥግ ያለችውን ሰርቪስ ክፍል ወይም የመኪና ማቆሚያ ወደ እንጨትና ብረት መሥሪያ ለመለወጥ የሚያስቡ ወዳጆቼ ጥያቄያቸውን ለሁለት ከፍለው ያመጡታል። መጀመሪያ "ወለሉን ምን ልቀባው?" ይላሉ። የመብራቱ ነገር የሚነሳው ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው በር ላይ ቆሞ "የት ልስቀለው?" ሲል ነው። ሁለቱን አብራችሁ አስቧቸው! ከአምፖሉ የወጣው ብርሃን ዓይናችሁ ጋ የሚደርሰው በኮርኒሱ፣ በግድግዳውና በወለሉ ላይ እየነጠረ ነው። ያልተቀባ ጠቆር ያለ ሲሚንቶ ካረፈበት ብርሃን አብዛኛውን ውጦ ያስቀራል፤ ፈካ ያለ ግራጫ የተቀባ ወለል ግን ግማሽ ያህሉን መልሶ ወደ ላይ ይልከዋል። ከጠረጴዛ ሥር፣ ከማሽን ሆድና ከመደርደሪያ ግርጌ ያለውን ጨለማ የሚገፈው ይኸው ከታች የሚመለሰው ብርሃን ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ሰርቪስ ቤቶች ወለላቸው ሊሾ ነው። ሊሾ ሲሠራ ግንበኛው ንጹሕ ሲሚንቶ በጥብጦ ከላይ ያለብሰውና በብረት ማለስለሻ እያሸ ያንጸባርቀዋል። ለመኖሪያ ያማረ ነው፤ ለቀለም ግን ፈተና ነው። ያ የላይኛው ቆዳ ስስና ልሙጥ ስለሆነ ቀለሙ ዘልቆ የሚይዘው ቀዳዳ አያገኝም። ለዓመታት ሰም ሲቀባ ከኖረማ ቀለሙ የሚጣበቀው ሰሙ ላይ እንጂ ሲሚንቶው ላይ አይደለም። የወለል ቀለም ሲላጥ ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ቀለሙ ነው። የተላጠውን ቁራጭ ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩት፤ የሲሚንቶ ዱቄት ተጣብቆበት ካገኛችሁ ቀለሙ ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው። የለቀቀው ደካማው የሲሚንቶ ቆዳ ነው።

ስለዚህ ቀለም ከመግዛታችሁ በፊት ወለሉን ጠይቁት። የተለያየ ቦታ ላይ ጥቂት ውኃ ጠብ አድርጉበት። ውኃው በአንድ ወይም በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሰርጎ ሲሚንቶውን ካጠቆረው ወለሉ ክፍት ነው፤ ድቡልቡል ብሎ ከቀረ ግን ሰም፣ ዘይት ወይም ልሙጥ ቆዳ አለ። ሰሙና ዘይቱ በቅባት ማስለቀቂያ ተፈግፍጎ ይታጠባል፤ ቆዳው ግራይንደር ላይ በተገጠመ የአልማዝ ጥርስ ዲስክ ይፈገፈጋል፣ በእጃችሁ ስትዳስሱት እንደ ብርጭቆ ወረቀት እስኪሻክር ድረስ። በአሲድ ማጠብም ይቻላል፣ ግን አሲድ ሰምና ዘይት ካለበት ቦታ አያልፍም፣ በደንብ ካልታጠበም ራሱ ችግር ይሆናል፤ እኔ መፈግፈጉን እመርጣለሁ። ከኮንክሪት የሚነሣው አቧራ ሲሊካ አለበት፣ ሲሊካ ደግሞ ሳንባን ለዘለቄታው ይጎዳል። ደቃቅ ብናኝ የሚያስቀር ማስክ አድርጉ፣ አቧራ መሳቢያ ማሽን ካለ ግራይንደሩ ላይ ግጠሙት። ከጠቅላላው ሥራ ይበልጡን ጊዜና ጉልበት የሚወስደው ይህ ዝግጅት ነው፣ ሊወስድም ይገባል።

ሁለተኛው ጥያቄ እርጥበት ነው። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ገደማ የሆነ ወፍራም ላስቲክ ወለሉ ላይ ዘርጉና አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽጉት። በማግስቱ ስታነሡት ከሥሩ ጤዛ ከቋጠረ ወይም ሲሚንቶው ከጠቆረ ከመሬት ውኃ እየወጣ ነው፤ የቀባችሁትን ሁሉ ከሥር ገፍቶ ያነሣዋል። ይህን በክረምት ብትሞክሩት ይሻላል፤ በበጋ ደረቅ የመሰለ ወለል በነሐሴ ሌላ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። አዲስ ለፈሰሰ ኮንክሪት ደግሞ የተለመደው መጠበቂያ 28 ቀን ነው።

አሁን ወደ ቀለሙ። ተራውን የዘይት ቀለም ለሲሚንቶ ወለል አልመክርም፤ ሲሚንቶ በተፈጥሮው አልካሊ ስለሆነ እርጥበት ሲያገኝ የቀለሙን ዘይት ወደ ሳሙናነት ይለውጠዋል። ሳሙና ከዘይትና ከአልካሊ የሚሠራበት ያው ኬሚስትሪ እግራችሁ ሥር ይካሄዳል ማለት ነው፤ ቀለሙ ይለሰልስና ይነሣል። ኢፖክሲ ግን አልካሊን ይቋቋማል። ሁለቱን ቱቦ እኩል ጨምቀን የምንለውሰውን አራልዳይት የማያውቅ ባለሙያ የለም፤ በ1946 ስዊዘርላንድ ውስጥ ለገበያ የወጣ የኢፖክሲ ማጣበቂያ ነው። የወለሉ ኢፖክሲም የዚያው ቤተሰብ ነው፤ አንዱ ጣሳ ሬዚን፣ ሌላው ማጠንከሪያ። የሚጠነክረው ውኃው ወይም ቤንዚኑ ተንኖ ሳይሆን ሁለቱ ተጋብተው አዲስ ጠጣር አካል ስለሚሆኑ ነው። ጋብቻው ሙቀት ያመነጫል፤ ሙቀቱ ደግሞ ጋብቻውን ያፋጥነዋል። ባልዲ ውስጥ ተከማችቶ የቆየ ኢፖክሲ በግማሽ ሰዓት ገደማ ሊጠጥር የሚችለው ለዚህ ነው። እንደበጠበጣችሁት ወለሉ ላይ አፍስሱትና በሮለር ዘርጉት፤ ስስ ሆኖ ሲዘረጋ ሙቀቱ ስለሚበተን ጊዜ ይሰጣችኋል። ልኩን በዓይን አትገምቱ፤ ማጠንከሪያ መጨመር ጥንካሬ አይጨምርም፣ የተረፈው ሳይጋባ ይቀርና ወለሉ እንደሚያጣብቅ ይቀራል።

ጣሳው ላይ "ኢፖክሲ" ተብሎ የተጻፈ ሁሉም አንድ አይደለም። ውኃ የተቀላቀለበት ዓይነት ሲደርቅ የሚቀረው ንጣፍ ከሚሊሜትር አንድ አሥረኛ በታች ነው፤ ምንም የሚተንን ነገር የሌለበት ወፍራሙ ዓይነት ግን ከሩብ ሚሊሜትር በላይ ይሆናል። ዋጋው ይወደዳል፣ ግን ሞርሳና ከባድ ማሽን ለሚጎተትበት ክፍል ወፍራሙ ነው የሚበጀው። በጀቱ ካልፈቀደ ቀጭኑን ሁለት እጅ ቀቡ።

የአየሩን ነገር እኛ ደጋ ያለን ሰዎች ከማንም በላይ ልናስብበት ይገባል። አብዛኛው የወለል ኢፖክሲ ወለሉ ከ10 ዲግሪ በታች ሲቀዘቅዝ በደንብ አይጋባም፤ ጤዛ ያረፈበትም ይነጣል፣ ይደበዝዛል። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ክረምቱ ይረጥባል፤ ለአዲስ አበባና ለመሰል ከተሞች የካቲትን እመርጣለሁ። ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ፣ ወለሉ ሞቅ ካለ በኋላ ጀምሩት።

ኢፖክሲ የማይሆንበት ቦታም አለ። ፀሐይ በቀጥታ በሚያርፍበት በር አጠገብ ቢጫ ይሆናል፤ እዚያ ላይ የፖሊዩሬቴን ሽፋን ይጨመርበታል፣ መስኮት ተከፍቶና ተገቢ ማስክ ተደርጎ፣ ምክንያቱም ማጠንከሪያው መተንፈሻን የሚያስቆጣ ኬሚካል አለው። የብየዳ ፍንጣሪም ኢፖክሲን ያቃጥለዋል። የብየዳውን ጥግ ባዶ ኮንክሪት ተዉትና በሲሊኬት ማጠንከሪያ አርሱት፤ ፈሳሹ ከሲሚንቶው ኖራ ጋር ተዋሕዶ ቀዳዳውን ይሞላዋል፣ አቧራውን ያስቆመዋል፣ የሚላጥ ንጣፍም አይተውም። እንዲያውም በጀቱ ጠባብ ለሆነና ብረት ብቻ ለሚሠራ ሰው ክፍሉን በሙሉ እንዲህ እንዲያደርገው ምክሬ ነው።

ቀለሙን ስትመርጡ የሚያንጸባርቀው ያማልላል፤ እናንተ ግን ደብዘዝ ያለውን ውሰዱ። አንጸባራቂው የመብራቶቹን ምስል መልሶ ዓይናችሁ ውስጥ ይወጋል፤ ሰጋቱራ ሲያርፍበት ደግሞ ያንሸራትታል። ከሁለተኛው እጅ በፊት ደቃቅ የኳርትዝ አሸዋ በስሱ ብትበትኑበት እግር ይይዛል። ጌጥ ተብሎ የሚነሰነሰውን ዥንጉርጉር ፍርፋሪ ግን ለመሥሪያ ክፍል አልወደውም፤ የወደቀች ትንሽ ብሎን እዚያ ውስጥ ገብታ ትጠፋለች። በአንድ ወጥ ፈዘዝ ያለ ግራጫ ላይ ግን ከሩቅ ትታያለች።

ወደ መብራቱ ስንመጣ ቁጥሩ ያስደስታል፣ ምክንያቱም ግምቱ ይቀራል። የብርሃን መጠን በሉክስ ይለካል። በአውሮፓ የሥራ ቦታ መለኪያ መሠረት ለጠረጴዛ የእንጨት ሥራ 300 ሉክስ፣ ለእንጨት ማሽን 500፣ ለማለስለስና ለቀለም ሥራ 750 ይመከራል። ክፍላችሁ 4 በ5 ሜትር ቢሆን ስፋቱ 20 ካሬ ሜትር ነው፤ 500 ሉክስ ለማግኘት 10,000 ሉመን ሥራው ላይ መድረስ አለበት። በመንገድ ላይ ግማሽ ያህሉ ይጠፋልና ከመብራቶቹ 20,000 ሉመን መውጣት ይኖርበታል። 1,800 ሉመን የሚሰጥ 18 ዋት የኤልኢዲ ዘንግ 11 ያህል ያስፈልጋችኋል፣ ድምሩ 200 ዋት ገደማ። ብዙ መስሏችሁ እንዳትሰጉ፤ የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ ከሚወስደው ከአሥር እጅ አንዱን አይሞላም። ወለሉ ፈካ ያለ፣ ኮርኒሱና ግድግዳው ነጭ ሲሆን የሚጠፋው ያንሳል፣ ዘንጉም ይቀንሳል። ዕድሜያችሁ ገፋ ካለ ግን አትቀንሱ፤ የስድሳ ዓመት ሰው ዓይን ውስጠኛ ክፍል የሚደርሰው ብርሃን የሃያ ዓመት ወጣት ከሚያገኘው ሢሶው ያህል ነው።

ከሁሉ አስበልጬ የምነግራችሁ ስለ ብልጭታ ነው። የእኛ ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ዙር ስለሚሠራ አሮጌ ኒዮንና ርካሽ ኤልኢዲ በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃሉ፣ ይደበዝዛሉ። ዓይን አያየውም። ብዙ የጠረጴዛ መጋዝና የመሳያ ሞተር ደግሞ በደቂቃ 2,900 ዙር ገደማ፣ ማለትም በሰከንድ ወደ 50 የሚጠጋ ይዞራል። ሁለቱ ሲገጣጠሙ በሙሉ ኃይሉ የሚዞር ዲስክ የቆመ ወይም በዝግታ ወደ ኋላ የሚሄድ ይመስላል! ጆሮ የደፈነ ሰው እጁን ሊሰድድ ይችላል። መፈተኑ ቀላል ነው፤ መብራቱ ሥር እርሳስ ይዛችሁ በፍጥነት አወናጭፉት። አንድ ወጥ ጥላ ካያችሁ ደህና፤ ተለያይተው የተደረደሩ ብዙ እርሳሶች ከታዩ ያንን መብራት ማሽን አጠገብ አትስቀሉ። የስልክ ካሜራም ጥቁር ሸርተቴ በማሳየት ይናገራል።

አሰቃቀሉ ላይ አንድ ነገር ብቻ ያዙ፤ መብራቱ ከጀርባችሁ ከሆነ የምትሠሩት በራሳችሁ ጥላ ውስጥ ነው። አንዱን ረድፍ ከመሥሪያ ጠረጴዛው የፊት ጠርዝ በላይ፣ ከጠረጴዛው ርዝመት ጋር አስተካክላችሁ አስኪዱት። ለማለስለስ ደግሞ ከጎን ዝቅ ብላ የምትበራ አንዲት መብራት ይኑራችሁ፤ ከላይ በሚመጣ ብርሃን የማይታየው ጭረት በአግድም ብርሃን ጥላ ጥሎ ይወጣል። የመብራቶቹ ሁሉ ቀለም ከ4,000 እስከ 5,000 ኬልቪን ይሁን፤ ቢጫ አምፖል የዋንዛን ቀላ ያለ ቡናማነት ያታልላል። ቫርኒሽ የምታቀልሙ ከሆነ የመብራቱ ካርቶን ላይ ሲአርአይ (ቀለምን በትክክል የማሳየት መለኪያ) 90 የሚል ፈልጉ።

መስኮት የማውጣት ዕድል ካላችሁ ወደ ሰሜን አውጡት። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች በበጋው ፀሐይ በደቡብ በኩል ታልፋለች፣ ሰሜኑ ቀኑን ሙሉ ለስላሳ ብርሃን ያገኛል። በክረምት ፀሐይ ወደ ሰሜን ብትሻገርም እኩለ ቀን ላይ አናት ላይ ስለምትሆን በመስኮት ብዙም አትገባም።

የመብራቱን መስመርና የማሽኑን መስመር በተለያየ ብሬከር አስለዩ፤ መጋዙ ብሬከር ሲጥል ዲስኩ ገና እየዞረ ክፍሉ እንዳይጨልም። መብራት ሲጠፋም ያው ነውና ራሱ የሚበራ ቻርጅ መብራት ከማሽኑ በላይ ይኑር።

ቅደም ተከተሉ ከላይ ወደ ታች ነው። መስመሩ ይዘርጋ፣ ኮርኒሱና ግድግዳው ነጭ ይቀባ፣ መብራቱ ይሰቀል፣ ከዚያ ወለሉ። ያን ዕለት አንዷን መብራት መሬት አጠገብ አድርጋችሁ ሮለሩ የዘለለውን ቦታ በአግድም ፈልጉ፤ ሳይጠጥር የሚታረመው ያኔ ብቻ ነው። በማግስቱ በእግር መረማመድ ይቻላል። ከባዱን ማሽን ግን ሳምንት ሳይሞላ አታስገቡ።