ጥርስ ሕክምና የት ልማር? ከስሙና ከክፍያው በፊት ወንበሩን ቁጠሩ



የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር ወደ ጀመዓችን የሚመጣ ጥያቄ አለ፤ «ጥርስ ሕክምና መማር እፈልጋለሁ፣ የት ይሻለኛል?» የሚል። ዘንድሮ ጥያቄው እኛ ቤትም ገብቷል። ታናሽ እህቴ ከዴንታል ሌላ አልማርም ብላለች። አባቴ «ስም ያለው ቦታ ትግባ» ይላል። ሳሪስ ሱቅ ያለው አጎቴ ደግሞ «ዲግሪው አንድ ነው፤ ረከስ ያለውን ፈልጉ» ባይ ነው። እኔ የምማረው ምህንድስና ቢሆንም ክርክሩ ሲረዝም ወረቀትና እስክርቢቶ ይዤ ማስላት ጀመርኩ። ስሌቱ ሁለቱም የዘለሉትን ነገር ስላሳየኝ ለእናንተም ይጠቅም ይሆናል ብዬ ጻፍኩት።

መጀመሪያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ። እዚያ ተማሪው ሲመደብ በቀጥታ «ዴንታል» ተብሎ አይመደብም። ዩኒቨርሲቲ ይመርጣል፣ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመጣው የፍሬሽማን ፕሮግራም የጋራ ኮርሶችን ይወስዳል፣ ከዚያ በውጤቱና በምርጫው ተወዳድሮ ትምህርት ክፍል ይይዛል። ጥርስ ሕክምና ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ጥቂት ናቸው፤ ጅማ፣ ጎንደርና አዲስ አበባ ከእነርሱ መካከል ናቸው። ስለዚህ «ለቤት ይቀርባል» ተብሎ ፕሮግራሙ የሌለበት ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ምርጫ ሆኖ ከተሞላ፣ ፍሬሽማን ላይ 4.00 ቢመጣም እዚያ ዴንታል የለም። ቅጹ ከመሞላቱ በፊት ይህን ያላጣራ ሰው ምርጫውን ሳያውቀው ጨርሶታል ማለት ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን መግቢያ ፈተና እንደሚሰጥና በራሱ ከፍሎ የሚማር ተማሪም እንደሚቀበል አትርሱ።

የመንግሥቱ ትምህርት ነፃ ነው የሚባለውም ትክክል አይደለም። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ወጪ መጋራት አለ። ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ ሙሉ በሙሉ፣ የትምህርቱን ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶ ለመክፈል ውል ይፈርማል፤ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ይመለሳል። የተማሪ የቀን ምግብ በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር ካደገ ወዲህ፣ በአሥር ወር ብናሰላው የምግቡ ብቻ 30 ሺህ ብር ይደርሳል። ያም ሆኖ ወለድ የለውም፤ የሚከፈለውም ገቢ ሲኖር ነው። ለአብዛኛው የነፋስ ስልክ ቤተሰብ ከዚህ የተሻለ አማራጭ ማግኘት ይከብዳል። ልጅቷን ጅማ መላክ የሚያስፈራው አባት ፍርሃቱ ይገባኛል፤ ግን ፍርሃቱን «የግል ይሻላል» በሚል ሽፋን ባያቀርበው መልካም ነው።

አሁን ወደ ስም። ጎንደር ስሙን ያገኘው በ1947 ዓ.ም. በተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ነው። ጅማ የሚታወቀው ተማሪውን ወደ ኅብረተሰቡ አውጥቶ በሚያስተምርበት ዘዴ ነው። ሁለቱም የተከበሩ ናቸው፤ ግን ስማቸው የተሠራው በአብዛኛው ከጥርስ ሕክምና ውጪ ነው። በግል ኮሌጆችም እንዲሁ ነው፤ በነርሲንግ ወይም በፋርማሲ ስሙ የተነሣ ኮሌጅ ከዓመታት በኋላ ዴንታል ሲከፍት ስሙን ይዞ ይከፍታል። ስሙ አሮጌ ነው፣ ክፍሉ ግን አዲስ ሊሆን ይችላል። «ዝነኛ ነው» ሲባል «በምኑ?» ብሎ መጠየቅ እንደ ድፍረት መታየት የለበትም።

የጥርስ ሐኪም የሚሠራው በእጁ ነው። ጥርስ መሙላት፣ የሥር ሕክምና፣ መንቀል ከስላይድ አይለመድም። አቡል ቃሲም አዝ-ዘህራዊ ከሺህ ዓመት በፊት ኮርዶባ ላይ «አት-ተስሪፍ» የተባለውን ኪታቡን ሲጽፍ የጥርስ መፋቂያና መንቀያ መሣሪያዎቹን በሥዕል ጭምር ያስቀመጠው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ዛሬም ተማሪው መጀመሪያ በሰው ሠራሽ ጭንቅላትና ጥርስ ላይ ይለማመዳል፣ ቀጥሎ በመምህር ቁጥጥር ሥር እውነተኛ ታካሚ ያክማል። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ አንድ ተማሪ በሳምንት ስንት ሰዓት በሕክምና ወንበሩ አጠገብ ይቆማል የሚለው ነው። ይህ ደግሞ በቀላሉ ይሰላል፤ የሚሠሩት ወንበሮች ብዛት በሳምንቱ የክሊኒክ ሰዓት ይባዛል፣ ወንበሮቹን ለሚጋሩት ተማሪዎች ይካፈላል።

ለስሌት ያህል ሁለት ኮሌጆች እናስብ፤ ቁጥሮቹ የእኔ ፈጠራ ናቸው። «ሀ» በሴሚስተር 60 ሺህ ብር ያስከፍላል፣ 12 ወንበር አለው፣ 40 ተማሪ ይጋራቸዋል። «ለ» 35 ሺህ ብር ያስከፍላል፣ 6 ወንበር አለው፣ 45 ተማሪ ይጋራቸዋል። ሁለቱም ክሊኒካቸውን በሳምንት 30 ሰዓት ይከፍታሉ። «ሀ» ጋ 360 የወንበር ሰዓት ለ40 ሲካፈል በሳምንት 9 ሰዓት ይደርሳል። «ለ» ጋ 180 ለ45 ሲካፈል 4 ሰዓት ብቻ ነው። በ16 ሳምንት ሴሚስተር «ሀ» 144 ሰዓት ይሰጣል፣ «ለ» 64። ክፍያውን ለሰዓቱ ስናካፍል «ሀ» በሰዓት 417 ብር ገደማ፣ «ለ» 547 ብር ገደማ ይመጣል። ርካሽ የተባለው ተወደደ። በተቃራኒው ስሙ የገነነ ሆኖ 100 ተማሪ በስምንት ወንበር የሚያሠራ ቦታም በዚሁ ስሌት ይጋለጣል። ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲም ሒሳቡ ያው ነው።

«የሚሠሩት» ያልኩትን ቃል አስምሩበት። የጥርስ ወንበር ማለት ኮምፕሬሰር፣ የውኃ መስመር፣ መምጠጫና መብራት ያለው ማሽን ነው። አንድ ኮምፕሬሰር ሲቃጠል ከእርሱ ጋር የተያያዙት ወንበሮች ሁሉ መቀመጫ ብቻ ሆነው ይቀራሉ። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር አለ ወይ? የሚጠግነው ባዮሜዲካል ቴክኒሻን ግቢው ውስጥ ነው ወይስ ተጠርቶ ነው የሚመጣው? (እዚህ ላይ የምህንድስና ተማሪነቴ አሸነፈኝ፤ ታገሱኝ።) ወንበሩ ቢሠራም ታካሚ ከሌለ ደግሞ ዋጋ የለውም። ክፍያ የሚቀንስና ሰው የሚበዛበት የማስተማሪያ ክሊኒክ፣ ባማረ ሕንፃ ውስጥ ካለ ባዶ ክሊኒክ ለተማሪ ይሻላል።

የግል ኮሌጅ ዋጋ ማስታወቂያው ላይ ያለው ብቻ አይደለም። የመመዝገቢያ፣ የመሣሪያና የመለማመጃ ዕቃ፣ የጓንትና የጋውን፣ ኮርስ ሲደገም የሚከፈል፣ ከጀሞ ወይም ከሃና ማርያም በየቀኑ የሚወጣ የታክሲ ሒሳብ አለ። ትምህርቱ ከአምስት ዓመት የማያንስ ስለሆነ ከሁሉም የሚከብደው የዓመታዊ ጭማሪው ነው። በሴሚስተር 40 ሺህ ተብሎ የተጀመረ በየዓመቱ 15 በመቶ ከጨመረ በአምስተኛው ዓመት 70 ሺህ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ቤተሰብ ማቀድ ያለበት በዚያ ቁጥር ነው። ኮሌጁ የጭማሪ ደንቡን በጽሑፍ እንዲሰጥ ጠይቁ።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ የሚለው ለእኛ ሌላም ገጽታ አለው። በወለድ ተበድሮ መማር አይታሰብም የሚል ቤተሰብ ብዙ ነው፣ አልሐምዱ ሊላህ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ዘምዘምና ሒጅራን የመሰሉ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ባንኮች ሥራ ጀምረዋል፤ ሌሎች ባንኮችም ከወለድ ነፃ መስኮት አላቸው። ነገር ግን ሙራባሓ ዕቃ ገዝቶ በትርፍ መሸጥ ስለሆነ ለሱቅ ዕቃ እንጂ ለትምህርት ክፍያ በቀጥታ አይገጥምም። ለትምህርት የሚቀርበው አገልግሎትን መሠረት ያደረገው ኢጃራ ነው፤ ባንኩ እንዲህ ያለ ውል እንዳለው ሄዶ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሰፈራችን የሚያውቀው እቁብ ግን አለ። ዕጣው በመመዝገቢያው ወር እንዲወጣ ከዳኛው ጋር አስቀድሞ መነጋገር ይቻላል። ከዘመድ ቀርድ የሚወስድም ቢሆን መጻፍና ምስክር ማቆም ግድ ነው።

በመጨረሻ ወረቀቱ። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የዕውቅና ፈቃድ የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም በጅምላ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ፕሮግራምና ለእያንዳንዱ ካምፓስ ነው። ኮሌጁ ሌላ ክፍለ ከተማ ያለው ካምፓስ ፈቃድ ስላለው ለቡ የከፈተው አለው ማለት አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥትም የግልም ተመራቂ የመውጫ ፈተና ይፈተናል፤ የጤና ባለሙያ ደግሞ በጤና ሚኒስቴር የብቃት ምዘና አለበት። ስለዚህ «ተማሪዎቻችን ሁሉ አልፈዋል» ሲባል ስንት ተፈትነው ስንት አለፉ ብላችሁ ቁጥሩን ጠይቁ። ከአምስት አምስት ማለፍና ከዘጠና ሰባ ማለፍ አንድ አይደለም። የፕሮግራሙን ስምም አስተውሉ፤ የጥርስ ሐኪም የሚያደርገው ዲግሪ ሌላ፣ «ዴንታል» የሚል ቃል ያለበት የቴክኖሎጂ ወይም የመካከለኛ ደረጃ ሥልጠና ሌላ ነው።

ለመጎብኘት የምትሄዱት በሥራ ቀን፣ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ይሁን። ከሬጅስትራሩ በኋላ ክሊኒክ የጀመረ የአራተኛ ወይም የአምስተኛ ዓመት ተማሪ ፈልጋችሁ «ባለፈው ሳምንት ስንት ታካሚ አከምክ?» በሉት። ቁጥሮቹን ይዞ ስሌቱን አብሮ መሥራት የሚፈልግ ከጁሙዓ በኋላ በጀመዓው የትምህርት ክፍል ያገኘናል፣ ኢንሻአላህ።