ቀጭንም ሁኚ ወፍራም፣ ወተትሽ ለልጅሽ ይበቃል

አንድ እሑድ ቤይሩት ዶራ ሰፈር አራስ ልጠይቅ ሄድኩ። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት አራስ እህቶች አገኘሁ። አንዷ በሥራ ብዛት ከስታ አጥንቷ ቀርቷል፤ ሌላዋ ደልደል ያለች ናት። ቀጭኗን «ራስሽ ሳትበዪ ምን ወተት ይኖርሻል? ያንቺ ውሃ ነው» ብለዋታል። ወፍራሟን ደግሞ «ወተትሽ ስብ ስለሆነ የልጁን ሆድ ይነፋዋል» ብለዋታል። ሁለቱም አምነው የጣሳ ወተት ጀምረዋል። ጣሳው ውድ ነውና እንዲቆይላቸው ብለው ዱቄቱን ግማሽ እያደረጉ፣ ውሃውን ሳይቀንሱ ይበጠብጣሉ።

ምን ልበላችሁ፣ ደነገጥኩ። እኔ ሰው ቤት ስሠራ የማዳምን ልጅ ያሳደግሁት የጣሳ ወተት በልኬት እየበጠበጥኩ ነው። ማንኪያው ትንሽ ከጎደለ ማዳም አስደፍታ እንደገና ታሠራኝ ነበር። የሰው ልጅ በልኬት ጠጥቶ የእኛ ልጅ በግማሽ? ለዚህ ነው ይህን የምጽፈው።

ወተቱ ውስጥ ምን አለ?

100 ሚሊ ሊትር የጡት ወተት ውስጥ 1 ግራም አካባቢ ፕሮቲን አለ። የላም ወተት ከ3 ግራም በላይ አለው። «ታዲያ የላሙ አይሻልም?» እንዳትዪ። ጥጃ በጥቂት ወር ትልቅ ይሆናል፤ የሰው ልጅ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፣ ኩላሊቱም ገና ለጋ ነው። ዓመት ሳይሞላው የላም ወተት ዋና ምግቡ መሆን የለበትም።

ፕሮቲኑ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። አገር ቤት አይብ ሲወጣ አይተሻል፤ የሚረጋ አለ፣ አጓቱ ውስጥ የሚቀር አለ። የሚረጋው ኬሲን ይባላል። ከላም ወተት ፕሮቲን 80 በመቶ ያህሉ ኬሲን ስለሆነ ሕፃን ሆድ ውስጥ ጠንከር ብሎ ይረጋል። በእናት ወተት ውስጥ ግን የሚበዛው የአጓቱ ዓይነት ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አብዛኛው፣ ኋላ ላይ ደግሞ 60 በመቶ ገደማ። ስለዚህ ሆድ ውስጥ የሚረጋው ትንሽና ለስላሳ ነው። በዚያ ላይ ፕሮቲኑን የሚቆራርጡ ኢንዛይሞች ወተቱ ውስጥ ስላሉ፣ መፈጨቱ የሚጀምረው ገና ጡት ውስጥ እያለ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን እንሳሳታለን። የጡት ወተት ከጣሳው ቶሎ ስለሚፈጭ ልጁ ቶሎ ይርበዋል። በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባት የአራስ ልጅ ወግ ነው እንጂ ወተትሽ ቀጠነ ማለት አይደለም። እንገሩንም አትድፊው። መጠኑ ጥቂት ነው፤ ፕሮቲኑና በሽታ ተከላካዩ ግን ከኋላው ይበልጣል።

የእናት ክብደትስ?

ቀጭን ከሆንሽ፦ ሰውነትሽ ከራሱ ቀንሶ ለወተቱ ይሰጣል። የፕሮቲኑ መጠን ብዙም አይለወጥም፤ የምትጎጂው አንቺ ነሽ። በጣም ከተራብሽ ግን የወተቱ ብዛት ሊቀንስ ይችላል። እንደ ቫይታሚን ኤ፣ ቢ12 እና አዮዲን ያሉትም ባንቺ ምግብ ልክ ይወርዳሉ። ስለዚህ በቀን አንድ ጥሩ ምግብ ያህል ጨምሪ፤ ምስር፣ ሽምብራ፣ እንቁላል፣ ያገኘሽውን።

ወፍራም ከሆንሽ፦ ወተትሽ ለልጅ ሆድ መጥፎ ነው የሚባለው ውሸት ነው። እውነቱ ሌላ ነው። ወተት አብዛኛውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን ይወርዳል፤ ክብደት ሲበዛ ግን ሊዘገይ ይችላል። ወተት የሚያመርተው ሆርሞን በመጀመሪያው ሳምንት ልጁ ሲጠባ የሚጨምረው አነስ ብሎ ነው። መፍትሔው ልጁን ደረትሽ ላይ ገላ ለገላ አድርጎ ቶሎ ቶሎ ማጥባት ነው። የዘገየ ወተት ቀረ ማለት አይደለም።

ወተቱ እንደበቃው በምን ታውቂያለሽ?

ከ5ኛው ቀን ጀምሮ በ24 ሰዓት ቢያንስ 6 ዳይፐር በሽንት ከረጠበ፣ ሰገራው ቢጫና ለስላሳ ከሆነ፣ በ2 ሳምንት ውስጥ ወደ ተወለደበት ክብደት ከተመለሰ፣ በቃ፣ በልቷል።

አረንጓዴ ትውከት፣ ደም ያለው ሰገራ፣ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት፣ የሽንት መጥፋት፣ ለመጥባት እንኳ የማይነቃ እንቅልፍ ካየሽ ግን ሳታድሪ ሐኪም ቤት ሂጂ። አረብኛ የምትችል ጓደኛ ይዘሽ ሂጂ።

የጣሳ ወተት የግድ ከሆነ ጣሳው ላይ በተጻፈው ልክ በጥብጪ። ውሃ ሲበዛበት ሆዱ ይሞላል፣ ምግቡ ግን ግማሽ ነው፤ በደሙ ውስጥ ያለው ጨው ወርዶም እስከ መንቀጥቀጥ ሊያደርሰው ይችላል።

ሥራ ላይ ከሆንሽ

የሊባኖስ የ1946 የሥራ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን ከሕጉ ውጭ አድርጓታል። ሌላ ሠራተኛ የሚያገኘው የወሊድ ፈቃድ እኛን አይደርሰንም። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ አትፈሪበት። ከአሠሪሽ ጋር መነጋገር ከቻልሽ ግን ወተትሽን የምታልቢበት ጥቂት ደቂቃ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ጠይቂ። የታለበ ወተት ክፍሉ ካልሞቀ 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ 4 ቀን ይቆያል። በቤይሩት በጋ ግን ወዲያው ፍሪጅ አስገቢው። ከሆስፒታል ወይም ከአዋላጅ የተሰጠሽን የልደት ወረቀትም ለማንም አትስጪ፤ ፎቶ አንስተሽ አስቀምጪ።

እነዚያን ሁለት እህቶች በማግስቱ ሙስተውሰፍ ይዣቸው ሄድኩ። የሁለቱም ልጆች ክብደት ጎድሎ ነበር። ቀጭኗ በየሰዓቱ እያጠባች ጣሳውን በሦስት ሳምንት ቀስ በቀስ ተወችው። ሌላዋ ሥራ ስለጀመረች ሌሊት ጡት፣ ቀን ደግሞ ጣሳ ትሰጣለች፤ ግን በልኬት። ባለፈው ስሄድ ማንኪያውን አሳየችኝና «ይኸው፣ እንደ ማዳም ልጅ» አለችኝ። ልጇ እግሩን እያወናጨፈ ነበር።