ሙፈሪያት ካሚል፦ ከአፈ ጉባኤ ወንበር እስከ ሰላም ሚኒስቴር

ወይዘሮ ሙፈሪያት ካሚል የኢትዮጵያ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የመጀመሪያዋ ሴት አፈ ጉባኤ፣ የሰላም ሚኒስቴር ሲቋቋምም የመጀመሪያዋ ሚኒስትር ናቸው። ከዚያ በፊት የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴርን መርተዋል፤ በኋላም የሥራና ክህሎት ሚኒስትር ሆነዋል። ሙስሊም ናቸው፤ ምክር ቤቱን ሲመሩም ሆነ ካቢኔ ሲቀመጡ ከራሳቸው ላይ ሻሻቸው አልወረደም። እምነቷን የያዘች ሙስሊም ሴት እዚህ ደረጃ እስክትደርስ አገሪቱ የሄደችበት መንገድ ረጅም ነው። ይህን በቅርበት ከሚያሳዩ ቦታዎች አንዱ ወሎ ነው፤ የመሯቸው የሦስቱ ሚኒስቴሮች ሥራ ምን ማለት እንደሆነም በዚያው በወሎ ከሚገኙት ከቆቦና ከራያ ቆላ በላይ የሚያስረዳ አካባቢ ጥቂት ነው።

ከቆቦ በስተደቡብ በወልድያ ዙሪያ ያለው የየጁ ምድር የወረ ሼህ መሳፍንት አገር ነው። የዘር ሐረጋቸው ከሙስሊም ሼህ የሚመዘዘው እነዚህ መኳንንት በዘመነ መሳፍንት የጎንደርን ነገሥታት በእንደራሴነት ሲያዙ ሲያናዝዙ ኖረዋል። ኃይላቸው ያበቃው ራስ አሊ በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ በደጃዝማች ካሣ (በኋላ አጼ ቴዎድሮስ) ሲሸነፉ ነው። መኳንንቱ ሥልጣኑን ለመያዝ ግን ክርስትና መነሣት ነበረባቸው። አጼ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ሲያደርጉ ነገሩ ደንብ ሆኖ ወጣ፤ ሙስሊም ሹም ወይ ይጠመቃል ወይ ሹመቱን ይለቃል። የወሎው ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ራስ፣ ኋላም ንጉሥ ሚካኤል ሆኑ። እንደ ሼህ ጦልሃ ያሉት ዑለማእ ደግሞ አሻፈረን ብለው አመፁ። የንጉሥ ሚካኤል ልጅ የሆኑት ልጅ ኢያሱ በ1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ ከቀረበባቸው ክስ ዋናው እስልምናን ተቀብለዋል የሚል ነበር።

ሕዝቡ ግን የሚኖረው በሌላ ሥርዓት ነበር። በራያና በየጁ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሙስሊምም ክርስቲያንም ይገኛል፤ በሠርግና በለቅሶ የየእምነቱ እርድ ለየብቻ ይሰናዳል እንጂ ዘመድ አይለያይም። ሰው ተገድሎ ደም ሲቃቡ በራያ ቆቦ የዘወልድ፣ በሌላው የወሎ ክፍል የአበጋር ሽማግሌዎች መሐል ይገባሉ። የገዳይን ወገን ከሟች ወገን አስታርቀው፣ ካሣ ቆርጠውና አስምለው ደሙን ያደርቃሉ። ከሁለቱም እምነት የተውጣጡ ሽማግሌዎች አብረው ይቀመጣሉ፤ የሽማግሌው ክብር የሚለካው በእውነተኛነቱ ነው። ሕዝቡ በሽምግልና የተቀበለውን እኩልነት መንግሥት በሹመት የተቀበለው እጅግ ዘግይቶ ነው።

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የአምልኮ ነፃነትን ቢያውቅም የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሙስሊሞች፣ ከክርስቲያን ደጋፊዎቻቸው ጋር፣ አደባባይ ወጥተው ሃይማኖትና መንግሥት እንዲለያዩ፣ በዓሎቻቸው እንዲከበሩና ወደ መንግሥት ሥራ የሚያስገባው በር እንዲከፈትላቸው ጠየቁ። ደርግ ሦስት የሙስሊም በዓላትን ብሔራዊ በዓል አደረገ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ለየ፤ በአንቀጽ 38 የመምረጥና የመመረጥ መብት በሃይማኖት ምክንያት እንዳይነፈግ ደነገገ። የሙፈሪያት ትውልድ ወደ ፖለቲካ የገባው በዚህ ሕግ ሥር ነው።

ወይዘሮ ሙፈሪያት የደቡብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ (ደኢሕዴን) አባል ሆነው ነው ያደጉት። በ2001 ዓ.ም. የሴቶች ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ፤ እስከ 2003 ዓ.ም. መጀመሪያም ቆዩ። ጊዜው ወረቀት ላይ የሰፈረውን ሕግ ወደ ቤት የማስገባት ነበር። የ1992ቱ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጓል፤ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ያለዕድሜ ጋብቻንና የሴት ልጅ ግርዛትን የሚያስቀጡ ወንጀሎች አድርጓቸዋል። ሁለቱም ልማዶች በቆላው ወሎ ሥር የሰደዱ ነበሩ። የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዋን ለመጠየቅ ሽማግሌ ሲላክ ቤተሰቡ እሺ ካለ የልጅቷ ትምህርት እዚያው ላይ ይቆማል። መምህራን፣ የሴቶች ጉዳይ ባለሙያዎችና የሃይማኖት አባቶች ተባብረው ያስጣሉት ሠርግ ጥቂት አይደለም። ሥራው የሚሰምረውም የአካባቢው ሼህና ቄስ ግርዛትና ያለዕድሜ ጋብቻ የእምነት ግዴታ እንዳልሆኑ ሲያስተምሩ ነው። የሴቶችን መብት ከሃይማኖት ጋር ሳያጣሉ ማራመድ ለአንዲት ሙስሊም ሚኒስትር ልዩ ክብደት ያለው ኃላፊነት ነበር።

በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ዶክተር ዐቢይ አሕመድ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ የሹመቱ ሚዛን ተለወጠ። ሚያዝያ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. ወይዘሮ ሙፈሪያት አቶ አባዱላ ገመዳን ተክተው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ሆኑ። በዚያው ሰሞን የትግራይዋ ወይዘሮ ኬሪያ ኢብራሂም የፌዴሬሽን ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ተባሉ። ስለዚህ ለጥቂት ወራት የሁለቱም ምክር ቤቶች መዶሻ በሙስሊም ሴቶች እጅ ነበር። በጊዜው ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት የአማራ ክልሉ አቶ ደመቀ መኮንንም ሙስሊም ናቸው።

ወይዘሮ ሙፈሪያት በዚያው ዓመት የደኢሕዴን ሊቀመንበርም ሆኑ። ድርጅቱ ከሃምሳ በላይ ብሔረሰቦች የሚኖሩበትን የደቡብ ክልል ይመራ ስለነበር የክልልነት ጥያቄዎች ሁሉ ጠረጴዛቸው ላይ አረፉ። ከእነዚህ ትልቁ የሲዳማ ጥያቄ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ እልባት አገኘ። ድርጅቱም ብዙ ሳይቆይ ወደ ብልጽግና ፓርቲ ገባ።

ጥቅምት 6 ቀን 2011 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ከ20 አባላቱ ግማሾቹ ሴቶች የሆኑበትን ካቢኔ አጸደቀ። ወይዘሮ ሙፈሪያት አዲሱን የሰላም ሚኒስቴር ሲረከቡ የአፋሯ ኢንጂነር አይሻ መሐመድ የመጀመሪያዋ ሴት የመከላከያ ሚኒስትር ሆኑ። የሰላም ሚኒስቴር ሥልጣን ሰፊ ነበር፤ ፌዴራል ፖሊስ፣ የብሔራዊ መረጃና ደህንነት አገልግሎት እና የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ ተጠሪነታቸው ለእሱ ሆነ። ለወትሮው ወንዶች ይዘውት የቆዩት ዘርፍ በአንዲት ሲቪል ሴት ሥር ዋለ።

ራያ ለአዲሱ ሚኒስቴር የመጀመሪያው ፈተና ነበር ማለት ይቻላል። በዚያው በጥቅምት 2011 ዓ.ም. በአላማጣ የራያን የማንነት ጥያቄ ይዞ የተነሣ ተቃውሞ የሰው ሕይወት አሳጣ። ሕዝቡ በአማራና በትግራይ ክልሎች ተከፍሎ ይኖር ስለነበር ግጭቱ ቆቦንም በቀጥታ የሚነካ ነበር። መንግሥት ለእንዲህ ያሉ ጥያቄዎች የአስተዳደር ወሰንና የማንነት ጉዳዮች ኮሚሽንን በአዋጅ 1101/2011 አቋቋመ፤ የራያ ጥያቄ ግን በኮሚሽኑ ሳይፈታ ጦርነት ቀደመው።

ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. የፌዴራሉ መንግሥትና የትግራይ ኃይሎች ጦርነት ሲጀመር የሰላም ሚኒስቴር ዋና ሥራ ወደ ሰብዓዊ እርዳታ ዞረ። በኅዳር ወር ከተባበሩት መንግሥታት ጋር እርዳታ ወደ ትግራይ ስለሚገባበት መንገድ ስምምነት ተፈረመ። በቀጣዩ ክረምት ጦርነቱ ወደ ራያ ቆላ ወረደ። ቆቦ በትግራይ ኃይሎች እጅ ገባች፤ በጳጉሜን 2013 ዓ.ም. በከተማዋ ያልታጠቁ ሰዎች መገደላቸውን አምነስቲ ኢንተርናሽናል መዝግቧል። ከተማዋ በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ለሁለተኛ ጊዜ በትግራይ ኃይሎች ተይዛለች። የጦርነቱ ማቆሚያ ስምምነት ፕሪቶሪያ ላይ የተፈረመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲሆን፣ ወይዘሮ ሙፈሪያት በዚያን ጊዜ ሚኒስቴሩን ለቀው ነበር። በሰላም ስም የተሰየመ መሥሪያ ቤት ጦርነቱን ሊያስቀር አለመቻሉ በዘመናቸው ላይ የሚነሣ ከባድ ጥያቄ ነው። በእርሳቸው ጊዜ ከተጀመሩትና ከቀጠሉት ሥራዎች መካከል ግን ወጣቶችን ከትውልድ ቀያቸው ውጪ ለአገልግሎት የሚያሰማራው «በጎነት ለአብሮነት» የበጎ ፈቃድ መርሐ ግብር ይጠቀሳል።

መስከረም 26 ቀን 2014 ዓ.ም. አዲሱ ካቢኔ ሲጸድቅ ወይዘሮ ሙፈሪያት ወደ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ተዛወሩ። መሥሪያ ቤቱ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠናን፣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይንና የውጭ አገር ሥራ ስምሪትን በአንድ ላይ ይዟል። ይህ ለራያ ቆላ የቤት ጉዳይ ነው። ዝናብ ሲያጥር ማሽላው ይከስማል፤ መሬት የሌለው ወጣት ደላላ ተከትሎ የአፋርን በረሃ ያቋርጣል፤ ከጅቡቲዋ ኦቦክ ዳርቻ በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያም ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ይሻገራል። ብዙዎች ባሕር ላይ ቀርተዋል፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ሳዑዲ ከ150 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን በጥቂት ወራት ውስጥ መልሳለች። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ 923/2008 እና ማሻሻያው የፈለጉት ሠራተኛው ሠልጥኖ፣ የብቃት ማረጋገጫ ይዞና ኢትዮጵያ ስምምነት ወደፈረመችበት አገር ውል ጨብጦ እንዲሄድ ነው። ሚኒስቴሩም ምዝገባውን፣ ሥልጠናውንና ውሉን በዲጂታል ሥርዓት አስተሳስሮ ደላላውን ከመሐል ለማውጣት ሲሠራ ቆይቷል።

የወይዘሮ ሙፈሪያት የሥራ ዘመን ሁለት ነገሮችን በግልጽ ያሳያል። አንደኛው፣ በቦሩ ሜዳ ዘመን ለሹመት መነሻ የነበረው የእምነት ጥያቄ ከሕጉም ከአሠራሩም መውጣቱ ነው። ሁለተኛው፣ ሹመቱ በራሱ ግብ አለመሆኑ ነው፤ ቆቦ ላይ አንዲት ተማሪ ሳትዳር ትምህርቷን ስትጨርስ፣ አንድ ወጣት በደላላ ምትክ በሕጋዊ ውል ሲሄድ ወይም በቀየው ሥራ ሲያገኝ፣ የራያ ጥያቄም በጠመንጃ ፋንታ በንግግር ሲፈታ የእነዚህ ሚኒስቴሮች ሥራ ፍሬ አፈራ ይባላል።