ጥርስ ማከም፣ ማገዝ ወይስ መሥራት?
ስለ ጥርስ ሕክምና ትምህርት ለሚጠይቁ እኅቶች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በምሥራቅ ሳዑዲ ዓረቢያ በዳማምና በኾባር ከምትኖሩ፣ ይልቁንም «አረንጓዴ ቀበቶ» የሚል ትርጉም ባለው በአል ሒዛም አል-አኽደር ሠፈር በየቤቱ ከምትሠሩ እኅቶች ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። የአሠሪዎቻችሁን ልጆች ይዛችሁ ወደ ጥርስ ክሊኒክ ስትሄዱ፣ ከሐኪሙ አጠገብ ቆማ ዕቃ የምታቀብለውን፣ የሚያለቅሰውን ሕፃን የምታባብለውን ሴት ታያላችሁ። ብዙ ጊዜ እርሷም እንደ እናንተው ከሀገሯ ርቃ የመጣች ናት። ያን ጊዜ «እርሷ የተማረችውን እኔስ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ልማረው አልችልም ወይ? ስንት ዓመት ይፈጃል? ገንዘቡንስ ለማን ልክፈል?» ትላላችሁ።

ጥያቄው መልካም ነው። መልሱ ግን በአንድ ቃል አያልቅም። ብዙዎች ሙያውን ሳይለዩ ክፍያውን ስለሚያስቀድሙ፣ የዓመታት ላባቸው ለማይረባ ወረቀት ይውላል። ስለዚህ በቅድሚያ ሙያውን፣ ቀጥሎ መንገዱን፣ በመጨረሻ ክፍያውን እንመልከት።

ሦስት ሙያ፣ ሦስት መንገድ

በአንድ የጥርስ ሕክምና ሥራ ውስጥ ቢያንስ ሦስት ባለሙያዎች አሉ። የመጀመሪያው ጥርስ ሐኪሙ ነው። እርሱ መርምሮ በሽታውን ይለያል፣ ይነቅላል፣ ይሞላል። ትምህርቱ ከሁለተኛ ደረጃ በኋላ ከአምስት ዓመት የማያንስ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ነው። ሁለተኛዋ የጥርስ ሕክምና ረዳት ናት። ሦስተኛው ደግሞ ታካሚው ፈጽሞ የማያየው፣ በላቦራቶሪ ተቀምጦ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራው የጥርስ ቴክኖሎጂ ባለሙያ ነው። የረዳት ትምህርት በብዙ ሀገር ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት፣ የጥርስ ቴክኖሎጂ ደግሞ እንደየደረጃው ከሁለት እስከ አራት ዓመት ይፈጃል።

እነዚህን ሦስቱን አንድ አድርጎ «የጥርስ ትምህርት» እያለ የሚናገር ሰው ቢያጋጥማችሁ፣ ወይ አያውቅም ወይ ሊያታልላችሁ ይፈልጋል። «ስጨርስ ስሜ ምን ተብሎ ይጻፋል? ምን ለመሥራትስ ይፈቀድልኛል?» ብላችሁ ጠይቁት።

የረዳቷ ሥራ

ረዳቷ ዕቃ አቀባይ ብቻ አይደለችም። ታካሚው ከመግባቱ በፊት ወንበሩን ታጸዳለች፣ ለዚያ ሥራ የሚያስፈልጉትን መሣሪያዎች በተራቸው ትደረድራለች። ሐኪሙ ሲሠራ ምራቁንና ውኃውን በመምጠጫ ታነሣለች፣ መሙያውን ትለውሳለች፣ መዝገብ ትይዛለች። ከሁሉ የሚከብደው ኃላፊነቷ ግን መሣሪያን ማምከን ነው። ከአንዱ አፍ የወጣ መሣሪያ በደንብ ሳይመከን ወደ ሌላው አፍ ቢገባ የጉበት በሽታን የመሰለ ደዌ ያስተላልፋል። ስለዚህ መሣሪያው መጀመሪያ በሚገባ ይታጠባል፤ ደም የደረቀበት ዕቃ እንፋሎት አይደርሰውምና። ከዚያ ተጠቅልሎ አውቶክሌቭ በሚባለው የእንፋሎት ማምከኛ ይገባል። በ121 ዲግሪ ሙቀት ቢያንስ 15 ደቂቃ፣ በ134 ዲግሪ ደግሞ ቢያንስ 3 ደቂቃ መቆየት አለበት። ረዳቷ ራሷም በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ የሚሰጠውን የጉበት በሽታ መከላከያ ክትባት መውሰድ ይገባታል።

እኅቶቼ፣ የንጹሑንና የቆሻሻውን ዕቃ መንገድ የለየች፣ የወጥ ቤቱን ጨርቅ ከመጸዳጃ ቤቱ ጨርቅ የማታደባልቅ፣ ልጅ አባብላ መድኃኒት የምታጠጣ ሴት ለዚህ ሙያ ባዶ እጇን አትመጣም። ይሁን እንጂ ትምህርቱን አይተካላትም። በቤት ውስጥ ያዳበራችሁት ጥንቃቄ መሠረት ነው፤ ግድግዳውን የሚያቆመው ትምህርት ነው።

የጥርስ ሠሪው ሥራ

የጥርስ ቴክኖሎጂ የእጅ ጥበብ ነው። ሐኪሙ አልጂኔት በሚባል ከባሕር አረም በተገኘ ዱቄት ውኃ ጨምሮ የታካሚውን የአፍ ቅርጽ ይወስዳል። ይህ ቅርጽ ሲደርቅ ስለሚኮማተር ወዲያው ጀሶ ይፈስበታል፤ ጀሶው ሲጠነክር የሰውየው ድድና ጥርስ አምሳል ይወጣል። ባለሙያው በዚያ ላይ በሰም ጥርሱን ይቀርጻል። ተነቃይ ጥርስ ከሆነ ሰሙ ወጥቶ በምትኩ ድድ የሚመስል ፕላስቲክ ይገባል። የብረት ሥራ ከሆነ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ በባዶው ቦታ የቀለጠ ብረት ይፈሳል። ሰሙ ወጥቶ ወርቁ ሲገባ ማለት ነው፤ የአንጥረኞቻችን አሠራርም ይኸው ነው።

በዚህ ዘመን ደግሞ በብዙ ላቦራቶሪ ቅርጹ በኮምፒዩተር ተነድፎ ዚርኮኒያ ከሚባል ነጭ ጠንካራ ነገር በማሽን ይፈለፈላል፤ ከዚያ 1500 ዲግሪ ገደማ በሚደርስ ምድጃ ይጠነክራል። ስለዚህ ይህን ትምህርት የምትመርጥ እኅት የእጅ ጥበብም የኮምፒዩተር ዕውቀትም ያስፈልጋታል። የሚፈጨው አቧራ ሳንባን ይጎዳልና ጭምብልና የአየር መሳቢያ የሌለው ላቦራቶሪ ትምህርት ቤትም የሥራ ቦታም ሊሆን አይገባም።

ትምህርቱ የት ይገኛል?

በዳማም የኢማም ዐብዱራሕማን ቢን ፈይሰል ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ አለው። ይህ ዩኒቨርሲቲ ሥሩ እ.ኤ.አ. በ1975 የተቋቋመው የንጉሥ ፈይሰል ዩኒቨርሲቲ ነው። በ2009 ራሱን ችሎ የዳማም ዩኒቨርሲቲ ተባለ፤ በ2016 የዛሬ ስሙን ያዘ። ከሥራ ቤታችሁ ብዙም የማይርቅ ቢሆን እንኳ፣ በቤት ሠራተኛ መኖሪያ ፈቃድ ለምትኖር እኅት ደጁ ክፍት ነው ብዬ ላታልላችሁ አልችልም። ኢቃማችሁ የቤት ሥራ ፈቃድ ነው። በዚያ ሀገር ማንኛውም የጤና ባለሙያ፣ ረዳቷም ጭምር፣ በሳዑዲ የጤና ሙያዎች ኮሚሽን ካልተመዘገበች በክሊኒክ አትሠራም። «አንቺ ብቻ ክፈዪ፣ በዚሁ ኢቃማ ክሊኒክ አስገባሻለሁ» የሚል ደላላ ወደ እስርና ወደ መባረር ይመራችኋል።

ደግሞም የሳዑዲ መንግሥት የጥርስ ሕክምና ሥራ ለዜጎቹ እንዲሆን እየጣረ ነው። ሦስትና ከዚያ በላይ የጥርስ ባለሙያ ያላቸው ተቋማት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2025 ጀምሮ 45 በመቶ፣ ከጥር 2026 ጀምሮ ደግሞ 55 በመቶው ሳዑዲ እንዲሆኑ ተወስኗል። በ2006 ዓ.ም. ከመቶ ሺህ የሚበልጡ ወገኖቻችን በጥቂት ወራት ውስጥ ከዚያው ሀገር መመለሳቸውንም አትርሱ። ስለዚህ የትምህርት ዕቅዳችሁን ሀገር ቤት ላይ መሥርቱት።

ሀገር ቤት ሥራው አለ። የጥርስ ባለሙያ ከሕዝባችን ብዛት ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። በስምጥ ሸለቆ በወንጂና በመተሐራ አካባቢ በውኃው ፍሎራይድ ስለሚበዛ የልጆች ጥርስ ይበልዛል። በብዙ ገጠር ደግሞ ሕፃኑ ባስቀመጠውና ባተኮሰው ቁጥር ገና ያልበቀለ የወተት ጥርሱን ድዱን ሰንጥቆ ማውጣት አልቀረም፤ ደም እየፈሰሳቸውና ቁስሉ እየመረቀዘባቸው የሚሞቱ አሉ። የተማረች አንዲት ሴት ለመንደሯ እናቶች ይህን ብታስረዳ ስንት ነፍስ ታተርፋለች!

የጥርስ ሐኪሞችን ጅማና ጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች ያስተምራሉ። ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በተፈጥሮ ሳይንስ ማለፍ ያስፈልጋል። ይህ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ይሰጣል። በዚያ ዓመት ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት ከ100 ተፈታኞች 3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ይህን የምጽፈው ተስፋ ላስቆርጣችሁ ሳይሆን፣ ዝግጅቱ የወራት ሳይሆን የዓመታት መሆኑን እንድታውቁት ነው። በቀድሞው ሥርዐት 10ኛ ክፍል ተፈትናችሁ የሄዳችሁም፣ ያ ፈተና ከ2011 ዓ.ም. በኋላ ስለቀረ፣ ወረቀታችሁ ዛሬ የት እንደሚያስገባችሁ የክልላችሁን ትምህርት ቢሮ በቤተሰብ በኩል አስጠይቁ። የረዳትና የቴክኖሎጂ ሥልጠና በቴክኒክና ሙያ ደረጃዎች የሚሰጥበት ኮሌጅ ቢገኝ የመግቢያ መስፈርቱ ከዩኒቨርሲቲ ይለያል። በዚያ የሚጠየቀው የብቃት ምዘና፣ ብዙዎቻችሁ በ2008 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 923 መሠረት ከመሄዳችሁ በፊት በቤት አያያዝ የተመዘናችሁበት ዓይነት ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት

አንደኛ፣ ኮሌጁ የግል ከሆነ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና ማግኘቱን አረጋግጡ። ዕውቅና የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም ብቻ ሳይሆን ለየትምህርት ክፍሉና ለየግቢው ነው። በነርስነት ዕውቅና ያለው በጥርስ ላይኖረው ይችላል።

ሁለተኛ፣ በርቀት ወይም በስልክ ብቻ አስተምሮ የጥርስ ረዳት አደርጋለሁ የሚልን አትመኑ። ንድፈ ሐሳቡ በስልክ ይነበብ ይሆናል። መሣሪያ ማምከንና ሰም መቅረጽ ግን እጅ በእጅ እንጂ በስልክ አይለመድም።

ሦስተኛ፣ አንድ የታመነ ሰው ወደ ኮሌጁ ሄዶ ወንበሩን፣ ማምከኛውን፣ ላቦራቶሪውን በዓይኑ ይይ። ክፍያ በተቋሙ የባንክ ሒሳብና በደረሰኝ እንጂ በግለሰብ ስም አይሁን።

አራተኛ፣ የልደት ምስክር ወረቀታችሁን፣ ትራንስክሪፕታችሁንና የፈተና ውጤታችሁን አሁኑኑ አሰባስቡ። በመታወቂያው፣ በፓስፖርቱና በትምህርት ማስረጃው ላይ ስማችሁና ዕድሜያችሁ አንድ መሆኑን እዩ። ለጉዞ ሲባል ዕድሜ የተጨመረባችሁ ካላችሁ፣ ይህ ጉዳይ የትምህርት ቤቱ ደጅ ላይ ሳይሆን ከዚያ በፊት መፈታት አለበት።

አምስተኛ፣ በገንዘብ የሚገዛ ዲግሪ ውሸት ብቻ አይደለም። በሐሰት ወረቀት የታካሚን አፍ የምትነካ ሰው በሌላው አካልና ሕይወት ላይ ትጫወታለች፤ ይህም በእግዚአብሔር ፊት ያስጠይቃል።

ዛሬ ማታ የሚጀመር ትምህርት

እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የሳዑዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ የቀን ሥራ ከ10 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ በሳምንትም አንድ ሙሉ ቀን ዕረፍት እንዲሰጥ ያዝዛል። በየቤቱ የሚሆነው እንደ አሠሪው ጠባይ እንደሆነ ዐውቃለሁ። ቢሆንም ከመኝታ በፊት ግማሽ ሰዓት የምታገኝ እኅት የ9ኛ ክፍልን ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ሒሳብና እንግሊዝኛ በስልኳ ጭና ከመጀመሪያው ገጽ ትነሣ። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ፊደልና ንባብ ሳይጸና ዳዊት አይደገምም፤ ቅኔ ሳይቀኝም ትርጓሜ ቤት የሚገባ የለም። እህል ለምኖ፣ ለመምህሩ እንጨት ፈልጦ፣ ሌሊት ያጠና ተማሪ ነው ሊቅ የሆነው። የእናንተም መንገድ ከዚህ አይርቅም።

ለመጀመሪያ የሚሆናችሁን የሙያውን ፊደል ልጻፍላችሁ። የአዋቂ ሰው ጥርስ 32 ነው፤ አፍ በአራት ይከፈላል። በታካሚው በራሱ ቀኝና ግራ ሲቆጠር ላይኛው ቀኝ 1፣ ላይኛው ግራ 2፣ ታችኛው ግራ 3፣ ታችኛው ቀኝ 4 ይባላል። በየክፍሉ ከመሐል ፊት ለፊት ካለው ጥርስ ተነሥቶ እስከ መጨረሻው መንጋጋ ከ1 እስከ 8 ይቆጠራል። እንግዲህ ሐኪሙ «36» ሲል ታችኛው ግራ፣ ከመሐል ስድስተኛው ጥርስ ማለቱ ነው። ለሕፃናቱ 20 የወተት ጥርሶች ክፍሎቹ 5፣ 6፣ 7፣ 8 ተብለው በየክፍሉ አምስት አምስት ይቆጠራሉ። መስተዋት ፊት ቆማችሁ የራሳችሁን ቁጠሩ። በሚቀጥለው ጊዜ ልጆቹን ክሊኒክ ስትወስዱ የሐኪሙን ንግግር ትሰማላችሁ።

ለራስ መማር ስስት አይደለም

ቤተ ክርስቲያናችን ሕክምናን የምታከብር ናት። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፉ ሐኪም እንዲከበር ያስተምራል፤ ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበር። ኅዳር 22 ቀን የምናስባቸው ቆዝሞስና ድምያኖስ ከዐረብ ምድር የተገኙ፣ መበለት እናታቸው ያሳደገቻቸው፣ ሕሙማንን ያለ ዋጋ ያከሙ ሐኪሞች ናቸው። በሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእስክንድርያ ጥርሷ ተሰብሮ በእሳት ሰማዕትነት የተቀበለችውን አረጋዊት ድንግል አጶሎንያን ደግሞ በምዕራቡ ዓለም ጥርሳቸውን የሚታመሙ ሁሉ ይማጸኑባታል።

በመጨረሻ የምነግራችሁ ይህን ነው። ብዙዎቻችሁ ወንድም አስተምራችኋል፣ ቤት ሠርታችኋል፣ የእናት መድኃኒት ገዝታችኋል። የራሳችሁ ደብተር ግን ተዘግቶ ቀርቷል። ከወር ደመወዛችሁ ጥቂት ሪያል «ይህ ለእኔ ትምህርት ነው» ብሎ ለብቻ ማስቀመጥ ቤተሰብን መካድ አይደለም። ቤተሰብም ይህን ይስማ፦ እርሷ ስትመለስ የሚጠብቃት ሙያ ከሌለ፣ ተመልሳ መሄዷ አይቀርም። ዕድሜሽ ቢገፋ፣ ክፍልሽ 8ኛ ላይ ቢቆም፣ ዩኒቨርሲቲው ቢርቅ እንኳ የቀረበውን ደረጃ ያዢ። ዲግሪ ባይሆን በእውነት የተገኘ የአንድ ዓመት ሙያ፣ በሐሰት ከተገኘ ዲግሪ ይበልጣል።

የድንግል ማርያም ልጅ ኢየሱስ ክርስቶስ ድካማችሁን ይቁጠርላችሁ፣ በሰላም ለሀገራችሁ ያብቃችሁ፤ የጀመራችሁትንም ያስፈጽማችሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።