ለምላጭ የሚሆን የመሳያ ድንጋይ መምረጥ ዕውቀትን ይጠይቃል

ፍኖተ ሰላም፦ በምዕራብ ጎጃም ዞን ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ በሚዘልቀው ገጠር ቢላዋ፣ መጥረቢያ፣ ካራና ምላጭ የዕለት ተዕለት መገልገያዎች ናቸው። ሲደንዙም ከገበያ በተገዛ ሞረድ፣ አለዚያም ከወንዝ ዳር ወይም ከማሳ ጠርዝ በተነሳ ድንጋይ ይሳላሉ። ለመጥረቢያ ሻካራ ድንጋይ ሁሉ በመጠኑ ያገለግላል። ለምላጭ ግን እንዲህ አይደለም። በተሳሳተ ድንጋይ የተሳለ ምላጭ ፀጉርን ከመቁረጥ ይልቅ ይነጫል፤ ቆዳን ይቧጭራል፤ የተቧጨረ ቆዳ ደግሞ ለበሽታ በር ይከፍታል።

ምላጭ በአካባቢው ባህል ውስጥ ሰፊ ቦታ ነበረው። የወንዶች ልጆች ቁንጮ፣ የልጃገረዶች ጋሜና ሳዱላ ሁሉ የሚሠሩት የራስ ቅልን በከፊል በመላጨት ነው። በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ብራና የሚፍቁና የመቃ ብርዕ የሚቀርጹ ጸሐፍትም ስለቱ የሰላ ካራ ያስፈልጋቸዋል። መሣሪያውን ቀጥቅጠው የሚያዘጋጁት ባለ እጆች ለዘመናት በሙያቸው ሲናቁ ኖረዋል፤ ያለ እነርሱ የሚታረስም ሆነ የሚላጭ እንዳልነበረ ግን መዘንጋት የለበትም።

ድንጋዩ ከየት ይገኛል ለሚለው ጥያቄ መልሱ ያለው በመሬቱ አፈጣጠር ላይ ነው። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ የተቀመጡበት ደጋማ ሜዳ በእሳተ ገሞራ የተፈጠረ ሲሆን፣ የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያን አምባ ያለበሰው የባዛልት ንጣፍ በአብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ነው። ከዚህ ንጣፍ ሥር ያለው የአሸዋ ድንጋይ የሚታየው ዐባይ መሬቱን በጥልቀት በቆረጠበት ሸለቆ ውስጥ ነው። ብርና ፈጣምን የመሳሰሉ ወንዞች ከደጋው ወደ ዐባይ ይወርዳሉ እንጂ ከሸለቆው ድንጋይ ይዘው ወደ ላይ አይወጡም። በመሆኑም በደጋው ወንዞች ዳር የሚገኘው በአብዛኛው ጥቁር ድንጋይ ነው። የአሸዋ ድንጋይ የፈለገ ወደ ቆላው መውረድ ወይም ከዚያ የመጣውን መግዛት ይኖርበታል።

ሁለቱ ድንጋዮች ለምን ይለያያሉ? በአሸዋ ድንጋይ ውስጥ የሚበዛው ኳርትዝ በጥንካሬ መለኪያ 7 ላይ ይቀመጣል፤ ስለሆነም ብረትን በሚገባ ይበላል። በባዛልት ውስጥ በብዛት ያለው ፌልድስፓር ደግሞ 6 ገደማ ስለሆነ፣ በእሳት ግሎ በውሃ ከጠነከረ ብረት ብዙም አይበልጥም። ባዛልት ለወፍጮና ለመጅ የተመረጠው እህል ከብረት ስለሚለሰልስ፣ ቀዳዳዎቹም ሲያልቁ አዲስ ጠርዝ ስለሚያወጡ ነው። ድፍንና ልሙጥ የሆነው የወንዝ ጥቁር ድንጋይ ግን ብረቱን ያለሰልሰዋል እንጂ እምብዛም አይቆርጠውም።

ጥንካሬ ብቻውንም አይበቃም፤ የቅንጣቱ መጠን ወሳኝ ነው። አሸዋ የሚባለው ቅንጣት ትንሹ እንኳ ከሚሊሜትር አንድ ሺኛ 63 እጅ ያህል ስፋት አለው፤ ይህም ከሰው ፀጉር ውፍረት ጋር ይቀራረባል። እንዲህ ያለ ቅንጣት በስለቱ ላይ የሚተወው ጭረት ለመጥረቢያ ጥቅም እንጂ ጉዳት የለውም፤ ለምላጭ ግን መጋዝ እንደማድረግ ይቆጠራል። በዓለም ላይ በምላጭ ድንጋይነቱ የታወቀው የቤልጂየሙ ኮቲኩል ቅንጣቶቹ ከ5 እስከ 15 ማይክሮን የሚደርሱ ጥቃቅን ጋርኔቶች ናቸው። የጃፓኑ የኪዮቶ አካባቢ ድንጋይና የአሜሪካው የአርካንሳስ ኖቫኩላይትም ዝናቸው ከዚሁ ደቃቅነት የመጣ ነው።

ድንጋይ የሚመርጥ ሰው በመጀመሪያ አጥቦ ሊመለከተው ይገባል። ስንጥቅ፣ ባለ ሌላ ቀለም ጅማት ወይም ጠጠር ካለበት ስለቱን ይሸርፈዋል። ውሃ ሲፈስበት ቶሎ የሚመጥ ከሆነ ቅንጣቱ ሻካራ ወይም ልል መሆኑን ያመለክታል። ጥፍርን በላዩ ላይ ማንሸራተት ቀላሉ ፈተና ነው፤ ጥፍር የሚፍቅ ድንጋይ ለምላጭ አይሆንም። ከዚያም ሁለት ድንጋዮችን በውሃና በደቃቅ አሸዋ እርስ በርስ በማፋተግ ፊታቸውን ማስተካከል ያስፈልጋል። መሐሉ የጎደጎደ ድንጋይ ቢላዋ ይስል ይሆናል፤ የምላጭን ቀጥ ያለ ስለት ግን ያጣምማል።

ታጣፊው ምላጭ ሲሳል ጀርባውም ስለቱም በአንድነት ድንጋዩ ላይ ተጋድመው፣ ስለቱ ወደ ፊት እየቀደመ በቀስታ ይገፋል። የጀርባው ውፍረት ራሱ የስለቱን ማዕዘን ስለሚወስን እጅ ማዘንበል አያስፈልገውም፤ መጫን ደግሞ ስለቱን ያጥፋል። በመጨረሻም በቆዳ ጠፍር ላይ ጀርባው እየቀደመ ይታሻል። የቆዳውን አቅጣጫ ከድንጋዩ ጋር ማምታታት ጀማሪዎች የሚፈጽሙት የተለመደ ስህተት ሲሆን፣ ውጤቱም የተቆረጠ ጠፍር ነው።

ይሁንና የሰላ ምላጭ ንጹሕ ምላጭ ማለት አይደለም። የጉበት በሽታ አምጪው ሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ ለ7 ቀናት በሕይወት ሊቆይ ይችላል። ድንጋይና ቆዳ ቀዳዳማ ስለሆኑ ደምን ይይዛሉ፤ ቆዳውን መቀቀልም አይቻልም። ስለዚህ ምላጩም፣ ድንጋዩም፣ ጠፍሩም የአንድ ሰው ብቻ መሆን አለባቸው። በፀጉር ቤቶች ለእያንዳንዱ ደንበኛ አዲስ ምላጭ መጠቀም የሚመከረው በዚሁ ምክንያት ነው። የብረት መሣሪያ ለ20 ደቂቃ ቢቀቀል ብዙዎቹ ተሐዋስያን ይሞታሉ። 5 በመቶ ክሎሪን ያለው በረኪና አንድ እጅ በዘጠኝ እጅ ውሃ ተበጥብጦ ለ10 ደቂቃ መዘፍዘፍም ይረዳል፤ ግን ብረቱን ስለሚያዝግ ወዲያው ታጥቦ መድረቅ አለበት።

ምላጭ የሴት ልጅ ግርዛት የሚፈጸምበት መሣሪያ መሆኑም መታለፍ የለበትም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 565 ድርጊቱን ከልክሏል። ድንጋጌው የስለቱን ንጽሕና አይመለከትም፤ በተቀቀለ ምላጭ የተፈጸመውም ያው ወንጀል ነው።

ድንጋይ ማንሳቱ ከቤት ፍጆታ አልፎ ወደ ንግድ ሲሸጋገር የፈቃድ ጉዳይ ይነሳል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678 ለባህላዊ አምራቾች ፈቃድ መስጠትን የክልሎች ሥልጣን አድርጎታል። የወረዳ ባለሙያዎች በዚህ ረገድ ሊያዩት የሚገባው ሌላው ነገር አቧራው ነው። የአሸዋ ድንጋይ በደረቁ ሲፈለጥና ሲፋተግ የሚነሳው የሲሊካ ብናኝ ሳንባን በማጠር የማይድን በሽታ ያስከትላል። ድንጋዩ እንደረጠበ እንዲሠራ ማድረግ ብናኙን በእጅጉ ይቀንሰዋል።