ጭስ፣ ጉምና የግለት ነጥብ፦ የሳተላይት ምስል መግለጫን ለሚተረጉሙ

ከደሃና ደጋ ላይ ሆኖ ቆላውን ቁልቁል የሚመለከት ሰው በማለዳ ከሸለቆው የሚነሣውን ነጭ ነገር «ጉም»፣ በበጋ ሩቁን ተራራ የሚጋርደውን ድብዝዝ ነገር «ጭጋግ»፣ ከተቃጠለ ነገር የሚወጣውን ደግሞ «ጭስ» ይላል። ይሁን እንጂ ሕዝብ ስም የሚያወጣው ብዙውን ጊዜ በመልክ ነው። የዓባይ ፏፏቴ «ጢስ ዓባይ» የተባለው ውሃው ሲወድቅ የሚነሣው ብናኝ ጢስ ስለሚመስል እንጂ የሚነድ ነገር ስላለ አይደለም። የሰደድ እሳትን በሳተላይት ስለመከታተል የሚጻፈውን ለሚተረጉም ግን የመልክ ስያሜ ብቻውን አይበቃም።

ሳተላይት እነዚህን የሚለየው በብርሃንና በሙቀት ነው። የጉምና የደመና ጠብታዎች ቀለሞችን ሁሉ በእኩል ስለሚበትኑ በምስል ላይ ነጭ ሆነው ይታያሉ። የጭስ ብናኝ ግን እጅግ ደቃቅ በመሆኑ ሰማያዊውን ብርሃን አብልጦ ስለሚበትን መልኩ ወደ ግራጫና ወደ ሰማያዊ ያደላል። ምስሉ በተወሰነ የታሕተ ቀይ ጨረር ሲነሣ ደግሞ ሥሥ ጭስ ከእይታ ጠፍቶ ከሥሩ ያለው ምድር ይገለጣል፤ ደመናው ግን ባለበት ይቀራል። እሳቱ ራሱ የሚታወቀው በግለቱ ነው። በ1992 ዓ.ም. በመጠቀችው «ቴራ» ላይ የተተከለው «ሞዲስ» የተባለ መሣሪያ ግለትን የሚለካው በ1 ኪሎ ሜትር ቁራሽ ሲሆን፣ በ2004 ዓ.ም. በመጠቀችው «ሱኦሚ» ላይ ያለው «ቪርስ» በ375 ሜትር ቁራሽ ይለካል።

ከዚህ በመነሣት የሚከተሉትን ስያሜዎች እናቀርባለን።

«የግለት ነጥብ»፦ ከአካባቢው ይልቅ ግሎ የተመዘገበ ቁራሽ መሬት። «የእሳት ነጥብ» ማለትን አንመርጥም፤ የኤርታሌ ቅልጥ ዐለትም ሰደድ እሳት ሳይሆን በዚሁ መልክ ይመዘገባልና።

«የጭስ ዓምድ»፦ ከሚነደው ቦታ ሽቅብ የሚወጣው።

«የጭስ ፈለግ»፦ ነፋስ ከምንጩ አርቆ የወሰደው። «ፈለግ» በግዕዝ ወንዝ፣ በአማርኛ ዱካ በመሆኑ ሁለቱም ፍቺዎች ወደ ምንጩ ይመራሉ።

«የጭስ ጭጋግ»፦ ተበትኖ ምንጩ ከምስሉ የማይለይ።

«የቃጠሎ ጠባሳ»፦ እሳቱ ከጠፋ በኋላ በመሬቱ ላይ የሚቀረው ጥቁር ምልክት።

ልዩነቱ የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በተነሣው ሰደድ እሳት ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች እስከ መምጣት ተደርሶ ነበር። እንዲህ ያለ እሳት ከተከዜ ማዶ ሲነሣ ነፋሱ ወደ ምሥራቅ ቢነፍስ የጭሱ ፈለግ ደሃና ላይ ሊያርፍ ይችላል። «ጭስ በደሃና ላይ ታየ» የሚለውን መግለጫ «በደሃና እሳት ተነሣ» ብለን ብንተረጉም፣ እሳት ለማጥፋት የተነሣው ሕዝብ ወዳልነደደ ተራራ ይወጣል፤ የሚነደውም ረዳት ያጣል። ስለዚህ ተርጓሚው ስያሜ ከመምረጡ በፊት የተነገረው ስለ ምንጩ ይሁን ስለ ፈለጉ አስቀድሞ ይለይ ዘንድ እናሳስባለን።