የዕለት ማስታወሻ ስለ መያዝ

በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል፤ ይባላል። ለዚህም ምስክር ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድ አያሻም። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ1273 ዓመተ ምሕረት ለሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ባበረከቱት ወንጌል ላይ የገዳሙ መጻሕፍት ስም በዝርዝር ስለ ተጻፈ፥ ከ700 ዓመት በኋላ የምንኖር እኛ በዚያ ዘመን ምን ይነበብ እንደ ነበረ ለማወቅ ችለናል።

በየመንደራችን ግን የሕፃን ልደት፥ የዝናም መግቢያ፥ የእርሻ ወሰን ነገር ብዙ ጊዜ በሽማግሌ ልብ ብቻ ይኖራል፤ ሽማግሌው ሲሞት ነገሩ አብሮ ይቀበራል፤ ለልጆችም ክርክር ይተርፋል። ስለዚህ በሐይቅና በአምባሰል ያላችሁ መምህራንና ሽማግሌዎች የዕለት ማስታወሻ ብትይዙ መልካም ነው።

አንድ ደብተር ለዚሁ ብቻ ይለይ። ማታ ማታ አስቀድሞ ቀኑ፥ ወሩና ዓመቱ፥ ቀጥሎ በዓይን የታየው፥ የተሰማውም ከተናጋሪው ስም ጋራ ይጻፍ፤ ሦስት መስመር ይበቃል። የተሳሳተውን ቃል ሰርዞ ማረም እንጂ መፋቅ አይገባም፤ የተፋቀ ጽሑፍ በዳኛ ፊት ያጠራጥራልና። ሳይጻፍ ያለፈ ቀን ቢኖር በግምት አይሞላ፤ ክፍት ትቶ ከዛሬ መቀጠል ይሻላል። ደብተሩም ከዝናምና ከምስጥ ተጠብቆ በሣጥን ይቀመጥ፤ የሚቀመጥበትንም ስፍራ አንድ የቤተ ሰብ ሰው ይወቅ።